ፍርድ ቤቱና ማረፊያ ቤቱ ሲታቀድ ገበሬው ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ይጠየቅ

ከአዳማ (ናዝሬት) ተነስቶ ወደ አሰላ የሚወስደውን ዋና መንገድ የያዘ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ደራ ከተማ ይደርሳል። ደራ በአርሲ ዞን የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከአርሲ ደጋ ግርጌ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚገኝ በመሆኑ ዝናብ ያጥረዋል። ገበሬው ግን ጤፉን፣ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ በቆሎውንና ቦሎቄውን እያመረተ ዓመቱን ከዓመት ያደርሳል።

ከየቀበሌው ወደ ከተማዋ የሚመጣው ገበሬ ጉዳዩ ብዙ ነው። እህሉን ይሸጣል፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይጠይቃል፤ የታመመ ያሳክማል፤ ግብር ይከፍላል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን እግሩ እየከበደው የሚሄድበት አንድ ቦታ አለ። ይኸውም ፍርድ ቤት ነው። የሚያስሄደው ጉዳይ የድንበር ክርክር፣ የውርስ፣ የብድር፣ የቀለብ ወይም የልጅ መታሰር ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ማንም ወዶ የማይሄድበት ቤት የት እንደሚሠራ፣ ባለጉዳይ የት ተቀምጦ እንደሚጠብቅ፣ የታሰረ ሰው በምን ዓይነት ክፍል እንደሚያድር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ገበሬው በሌለበት ነው።

እንደ ደራ ያሉ የስምጥ ሸለቆ የወረዳ ከተሞች እያደጉ ናቸው። ከተማ ሲያድግ አሮጌው ችሎት ይጠባል፤ የፖሊስ ማረፊያ ቤቱ ይጨናነቃል፤ የአምቡላንስ ማቆሚያና የአደጋ ጊዜ እህል መጋዘን ያስፈልጋል። ስለዚህም አዲስ ቤት መሥራት በየወረዳው ዛሬ ባይሆን ነገ የማይቀር ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሕግ ቀበሌ ቢባልም በብዙ ገጠር እስከ ዛሬ በልማድ ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራውን አካል የሚመሩ ወገኖች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ ቃላቸውን መቼና በምን ጉዳይ ላይ መስጠት እንደሚገባቸው ለማስረዳት ነው።

ከዛፍ ጥላ እስከ ችሎት አዳራሽ

ሕንፃው ከመምጣቱ በፊትም ዳኝነት ነበረ። በአርሲም ሆነ በሌላው የኦሮሞ ምድር የአገር ሽማግሌዎች በኦዳ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠብ ያበርዳሉ፤ ጉማ ያስከፍላሉ፤ እርቅ ያወርዳሉ። ይህ አሠራር የተመሠረተበት የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሌላውም የአገራችን ክፍል ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል» የሚባለውም ሕግ ያለ ግንብና ያለ አጥር ይከበር እንደነበር ለማሳየት ነው።

በመንግሥት ሕግ በኩል ሲታይ እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው አዋጅ የአጥቢያ ዳኞች ተቋቁመው ነበር። ሥልጣናቸው አነስተኛ ሲሆን፣ በፍትሐ ብሔር እስከ 25 ብር፣ በወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጮ የሚደርስ ጉዳይ ያዩ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር መሬትን መነሻ በማድረግ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። የመሬት ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ማኅበራቱን ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶ የሸንጎውን ሥራ አሰፋው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማኅበራቱ ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ ከ20 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር።

በዚያን ዘመን ብዙ ማኅበራት እንጨቱን ከደናቸው ቆርጠው፣ ጭቃውን በደቦ አቡክተው የስብሰባና የሸንጎ አዳራሻቸውን ሠርተዋል። ገበሬው ተሰብስቦ ቤት መሥራት እንደማይከብደው ለዚህ ከበቂ በላይ ማስረጃ አለ። ነገር ግን ከዚያው ታሪክ የሚገኝ ሌላ ትምህርትም አለ። በአንዳንድ ቦታ ከአዳራሹ ጀርባ የተሠራችው ጠባብ ክፍል ክስ ያልቀረበበት ሰው ቀንና ሌሊት የሚታጎርባት እስር ቤት ሆናለች። ክፍሏን ጎረቤት ሠራት፤ ጎረቤት ገባባት። ቤቱ ሲሠራ «ማን፣ ለስንት ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ ይገባበታል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬም ስለ ቤቱ ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጣሪያና ግድግዳ ሳይሆን በውስጡ ስለሚሠራው ሥራ መሆን አለበት።

በአሁኑ ጊዜ ሽምግልናም ቢሆን በሕግ ቦታ አግኝቷል። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶች እንዲቋቋሙና እንዲታወቁ አድርጓል። ባለጉዳዮች ፈቅደው ሲቀርቡ ጉዳያቸው በሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ይታያል። ይህም በወረዳው ችሎት ላይ የሚደርሰውን ሸክም ያቃልላል። እነዚህም ሽማግሌዎች ግን መቀመጫ፣ ጥላና ውሳኔያቸውን የሚያስቀምጡበት ቁልፍ ያለው ሣጥን ስለሚያስፈልጋቸው በወረዳው ዕቅድ ውስጥ ሊታሰብላቸው ይገባል።

ቦታው የት ይሁን?

የሕንፃ ቦታ መምረጥ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሕጉን ላነበበ ሰው ግን ቦታ ማለት መብት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነገር ግን ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በተገቢው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከዚያ በፊት በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የአካባቢውንና የመገናኛውን ሁኔታ ከግምት ያስገባ ነበር። እንግዲህ መንገዱ የተበላሸበት፣ ድልድዩ የተሰበረበት ቀበሌ ልጅ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ቀበሌ ልጅ ይልቅ ብዙ ሰዓት ዳኛ ሳያይ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። ይህንን ጉዳይ በካርታ ላይ ከሚያየው ባለሙያ ይበልጥ በእግሩ የሚሄደው ገበሬ ያውቀዋል።

የጎርፉም ነገር እንዲሁ ነው። በዶዶታ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የተጀመረው የዶዶታ የጎርፍ መስኖ ከቦሩ ወንዝ የሚወርደውን ውኃ ጠልፎ በማሳ ላይ ለማሰራጨት የታቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። የትኛው ሸለቆ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፣ የትኛው ሜዳ በክረምት ረግረግ እንደሚሆን የሚያውቀው በዚያው ያረጀ ገበሬ ነው።

ይህ ጸሐፊ የኤክስቴንሽን ሥራ በጀመረበት ወቅት ስሙ በማይጠቀስ አንድ ቀበሌ የከብት ማጠጫ ገንዳ ሲሠራ ተመልክቷል። ቦታው የተመረጠው በበጋ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለነበር ለሁላችንም መልካም መስሎ ታየን። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው መሬቱን እየነኩ አንድ ነገር ለመናገር ሞክረው ነበር፤ ሥራው ስለተጀመረ ግን የሰማቸው አልነበረም። በሐምሌ ገንዳው በደለል ተሞላ። ሽማግሌው ሊነግሩን የፈለጉት የጎርፍ መውረጃ መሆኑን ነበር። ገንዳ ቢደፈን ተጠርጎ እንደገና ይሠራል። ፍርድ ቤት ጎርፍ ከገባበት ግን የሚበላሸው የሰው መዝገብ ነው፤ ማረፊያ ቤት ጎርፍ ከገባበት ደግሞ በሩ ከውጭ የተቆለፈበት ሰው አለ።

የመዝገብ ቤቱም ነገር ገበሬውን በቀጥታ ይነካዋል። የመሬት ክርክር ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የውርስ ሰነዱ፣ የምስክሩ ቃል፣ የቀደመው ውሳኔ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ምስጥ አለ። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያላለ፣ መደርደሪያው ግድግዳ የተደገፈ መዝገብ ቤት ለምስጥ የተዘረጋ ማዕድ ነው። መዝገቡ የጠፋበት ባለጉዳይ ክርክሩን ከሀ ይጀምራል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ስለ አዳራሹ ስፋት ከመጠየቃቸው በፊት መዝገቡ ከምስጥ፣ ከእሳትና ከጎርፍ በምን እንደሚጠበቅ ሊጠይቁ ይገባል።

ሌላው ችሎቱና ፖሊስ ጣቢያው ምን ያህል ይቀራረቡ የሚለው ጥያቄ ነው። ሁለቱ ቢቀራረቡ እስረኛን ለማመላለስ የሚጠፋው ጊዜና የሰው ኃይል ይቀንሳል። ይሁን እንጂ በአንድ ግቢና በአንድ በር ከሆኑ ምስክር የሚሆነው ገበሬ ወደ ዳኛው የሚሄደው በፖሊስ ፊት አልፎ ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽም በአንድ ጠባብ በር ይጋጠማሉ። ስለዚህ ተቀራርበው በየራሳቸው አጥርና በር ቢሠሩ ሁለቱም ጥቅም ይገኛል።

የባለጉዳዩም መጠበቂያ ሊረሳ አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ እህል በአውድማ ላይ እያለ፣ ቀጠሮ የተሰጠው ገበሬ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ይመጣል። ጥላ የሌለው ግቢ ውስጥ እስከ ቀትር ቆሞ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ዳስ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የመጠጥ ውኃ፣ የወንድና የሴት መጸዳጃ፣ አህያና በቅሎ የሚታሰርበት ቦታ በፕላኑ ላይ መሣል አለባቸው። ከዚህም ሌላ ዳኞች በየጊዜው ወደ ራቁ ቀበሌዎች ወጥተው የሚያስችሉበት ተዘዋዋሪ ችሎት የሚባል አሠራር አለ። በየቀበሌው ግንብ መገንባት ባይቻልም ለተዘዋዋሪ ችሎት የሚሆን አንድ ክፍል ማዘጋጀት ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም።

የሚሠራበት መሬት የማን ነው?

ከተማ ወደ ገጠር ሲሰፋ የሚወስደው የገበሬን ማሳ ነው። የፍትሕ ቤት የሚሠራበት መሬት ፍትሕ በጎደለው መንገድ ከተወሰደ ቤቱ ገና ሳይመረቅ ስሙ ይጎድፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ገበሬው ከመሬቱ ያለመነቀል ጥበቃ እንዳለው፣ በጉልበቱና በገንዘቡ ባፈራው ንብረት ላይም ሙሉ መብት እንዳለው ይገልጻል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲያስፈልግ ንብረቱን መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። ዝርዝሩ በ2011 ዓ.ም. በወጣውና ከዚያም ማሻሻያ በተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161 ተደንግጓል። በዚህ አዋጅ መሠረት ተነሺዎች አስቀድመው ሊመከሩ ይገባል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለው።

የማኅበር መሪ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ሥራ አለበት። የመጀመሪያው በቦታው ላይ ያለውን ባለይዞታ ሁሉ፣ ባሏ የሞተባትን ሴትና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ጭምር፣ በስም መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ቀድሞውኑ ለመንግሥት አገልግሎት የተከለለ ወይም ለእርሻ የማያገለግል ቦታ ካለ ማመልከት ነው። «ለልማት ነውና ዝም በል» ተብሎ የተነሳ ገበሬ ነገ በዚያው ፍርድ ቤት ከሳሽ ሆኖ ይመጣል።

ማረፊያ ቤት ማለት

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያለው ማረፊያ ቤትና ማረሚያ ቤት አንድ አይደሉም። በማረሚያ ቤት የሚቆየው በአብዛኛው ፍርድ ያረፈበት ነው። በማረፊያ ቤት ያለው ግን ገና ያልተፈረደበት፣ በሕግም ፊት እንደ ንጹሕ የሚቆጠር ሰው ነው። ነገ ነፃ ተብሎ ወደ በሬዎቹ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ የቅጣት ቦታ ተደርጎ ሊሠራ አይገባውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ለተያዙ ሰዎች ሰብአዊ ክብራቸው እንዲጠበቅ፣ ከትዳር ጓደኛቸው፣ ከዘመድ፣ ከወዳጅ፣ ከሃይማኖት አባት፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር እንዲገናኙ ይፈቅዳል። ወጣት ጥፋተኞችም ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ በአንቀጽ 36 ተደንግጓል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው የእስረኞች አያያዝ ደንብም ወንዱ ከሴቷ፣ ያልተፈረደበት ከተፈረደበት እንዲለይ፣ ክፍሉ ብርሃንና አየር እንዲያገኝ፣ የመጠጥ ውኃ እንዳይጓደል ያዛል። ማንዴላ ከመታሰራቸው በፊት በ1954 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ትምህርት የተከታተሉ፣ በኋላም 27 ዓመት በእስር የቆዩ ሰው ናቸው።

እነዚህ ድንጋጌዎች በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀሩ በግንቡ ውስጥ መግባት አለባቸው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ማረፊያ ቤት ወንድና ሴትን፣ ልጅና አዋቂን ሊለይ አይችልም፤ ፖሊሱ መልካም ሰው ቢሆንም የት ያድርጋቸው? ቢያንስ ለወንዶች፣ ለሴቶችና ለወጣቶች የተለያዩ ክፍሎች፣ ሕፃን ለያዘች እናት የሚሆን ስፍራ፣ እስረኛው ከጠበቃው ጋር የሚነጋገርበት ክፍልና ስንቅ የሚቀበልበት መስኮት ያስፈልጋሉ። በአገራችን ልማድ የታሰረን ሰው የሚቀልበው በአብዛኛው ቤተሰቡ ነው። ከሩቅ ቀበሌ አገልግል ተሸክማ የምትመጣው እናት የት ቆማ እንደምትጠብቅ ሳይታሰብ ቤቱ ታቅዷል ሊባል አይቻልም።

«ለሌባ ይህን ያህል ወጪ ለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ማን ሌባ እንደሆነ የሚያውቀው ዳኛው ነው። ዳኛው እስኪናገር ድረስ በዚያ ክፍል የሚያድረው የአንዳችን ልጅ ነው።

ድንገተኛ አደጋ ቀጠሮ አይሰጥም

በዕቅዱ ውስጥ ሦስተኛው ጉዳይ የድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ነው። በዚህ በኩል የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ በቅርቡ ከባድ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ቦታዎች ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተነስቷል። ታኅሣሥ 26 እና የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከደረሱት ትልልቆቹ መካከል አንዳንዱ እስከ 6 የሚጠጋ መጠን ነበረው፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ደራም በዚሁ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። አዲስ የሚሠራ ፍርድ ቤት ወይም ማረፊያ ቤት መሬት ብትንቀጠቀጥ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ተደርጎ በሕንፃ ደንቡ መሠረት መሠራት አለበት። የማረፊያ ቤቱ ቁልፍ በአደጋ ጊዜ በማን እጅ እንደሚሆንም አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ቁልፍ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ አይኖርም።

ከጎፋም የምንማረው አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እነሱ በቁፋሮ ላይ ሳሉ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ወገንን ለማዳን መሮጥ የሕዝባችን መልካም ባሕርይ ነው። ነገር ግን ማን እንደሚያዝዝ፣ ማን ራቅ ብሎ ተራራውን እንደሚጠብቅ፣ አካፋና ገመድ የት እንደተቀመጠ ካልታወቀ ደግነት ብቻውን ሰው አያድንም።

የአምቡላንሱም ጉዳይ ከመንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ምጥ የጸናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ሰዓታት መጓዝ ለብዙ ቀበሌ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጓል። እነዚህ ሴቶች የትኛዋ እናት በየትኛው ወር እንደምትወልድ ያውቃሉ። አምቡላንሱ ከየት ተነስቶ የትኛው መገናኛ ድረስ እንደሚገባ፣ ከዚያ በታች ያለውን መንገድ ወጣቶች በቃሬዛ እንዴት እንደሚሸፍኑት ከእነርሱ ጋር ተመክሮ ቢወሰን የብዙ እናት ሕይወት ይተርፋል።

ድርቅን በሚመለከት ዶዶታ ትምህርቱን ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1966 ዓ.ም. ከወሎው እልቂት በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲቋቋም፣ ከዚያም በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር የተረጋገጠው አንድ ነገር፣ እህል ከረኀቡ በኋላ ቢደርስ ከብቱ ተሸጦ፣ ጎተራው ተራቁቶ እንደሚቆይ ነው። ስለዚህ መጋዘኑ ከባድ መኪና በክረምት የሚገባበት፣ ወለሉ ከፍ ያለ፣ ከነቀዝና ከአይጥ የተጠበቀ ይሁን። የምርት መቀነስ ምልክት ሲታይ ማን ለማን እንደሚያስታውቅም ተጽፎ ይቀመጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

ምክክሩ እንዴት ይካሄድ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በሌላውም ዓለም ይህ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ካውንቲ በሚባለው የአስተዳደር ክልል አዲስ ፍርድ ቤት ወይም እስር ቤት በብድር ለመሥራት ሲታሰብ በብዙ ቦታ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ያልተስማማበትም ዕቅድ ወድቆ እንደገና የሚታይበት ጊዜ አለ።

ይሁን እንጂ ሕዝብን ሰብስቦ ማስጨብጨብ ምክክር አይደለም። ፕላኑ ካለቀ፣ ገንዘቡ ከተመደበ፣ የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ለገበሬው የሚተውለት መዋጮና ጉልበት ብቻ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተወሰነው ቦታ በጥድፊያ ይበላሻል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይጠቀማሉ።

1ኛ. ስብሰባው በአጨዳና በአውድማ ወቅት እንዳይጠራ መጠየቅ። የታሰበውን ቦታም አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት ከባለሙያው ጋር በእግር ማየት።

2ኛ. ሴቶችን ለብቻቸው ማነጋገር። ስንቅ የምታመላልሰው፣ የቀለብ ክስ የምታቀርበው፣ በቃሬዛ የምትወጣው ሴት ናት። በወንዶች መካከል ግን ይህን ሁሉ አትናገርም።

3ኛ. ታስረው የተፈቱ ሰዎችን መጠየቅ። የማረፊያ ቤትን ጉድለት ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

4ኛ. ፕላኑን መሬት ላይ በአመድ ማስመር። ወረቀት ላይ ያለውን መሥመር ሁሉም ሰው አያነበውም። በአመድ የተሰመረ ክፍል ውስጥ ቆሞ «እዚህ 20 ሰው ያድራል» የተባለ ገበሬ ግን ወዲያው መልሱን ይሰጣል።

5ኛ. የተነገረውን በቃለ ጉባኤ ማስፈር፣ አንዱን ቅጂ በማኅበሩ ማስቀረት። ወረዳው የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲመልስ መጠየቅ።

6ኛ. መዋጮ ካለ በደረሰኝ፣ ጉልበት ካለ በቀን ተመዝግቦ መያዝ፤ የወጣው ገንዘብም ለሕዝብ መነገር።

እርግጥ የወረዳው በጀት ውሱን ነው። የተጠየቀው ሁሉ በአንድ ዓመት አይሠራም። በዚህ ጊዜ ምን ይቅደም የሚለውን መምረጥ ግድ ይሆናል። ያማረ የፊት ገጽና ሰፊ በረንዳ ቢቀር ጉዳት የለውም። የማረፊያ ቤቱ መለያ ግድግዳ፣ የመዝገብ ቤቱ ወለልና የባለጉዳዩ ዳስ ቢቀር ግን ጉዳቱ ለብዙ ዓመት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገበሬው ተነግሮት ቢመርጥ የጎደለውንም ተረድቶ ይቀበላል።

ለእርሻ ሥራ ወደ ማሳ ስንሄድ መጀመሪያ የምናየው አፈሩን ነው። አፈሩን ሳይጠይቅ ዘር የሚጥል የለም። የወረዳው ፍርድ ቤት፣ ማረፊያ ቤቱና የአደጋ ጊዜ መጋዘኑም ለብዙ ዓመት የሚቆም ሥራ ነው። የማኅበር መሪዎች ቀጣዩ የወረዳ የዕቅድ ስብሰባ ሲጠራ ባዶ እጃቸውን ከመሄድ ይልቅ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችንና የጤና ኬላዋን ሠራተኛ አነጋግረው፣ የጎርፍ መውረጃውን አይተው፣ የባለይዞታዎችን ስም መዝግበው ሊሄዱ ይገባል።